አንድ ቃል ሞጆ ላይ ያስቆማቸው ስድስት የአየር ጠመንጃዎች

አዳማ ውስጥ የስፖርት ማዘውተሪያ ያለው አንድ ነጋዴ ከቱርክ ያዘዘው ኮንቴይነር በጅቡቲ በኩል ሞጆ ደረቅ ወደብ ደረሰ። ውስጡ ያለው ዕቃ አብዛኛው ማንንም የማያነጋግር ነበር፤ የመሮጫ ማሽን፣ የክብደት ብረት፣ የጠረጴዛ ቴኒስ፣ የወለል ምንጣፍ። ሞጆ ለአዳማ ቅርብ ስለሆነ ባለቤቱ በሳምንቱ ዕቃውን አወርዳለሁ ብሎ የጫኝና አውራጅ ሠራተኛ ሁሉ አነጋግሯል። ኮንቴይነሩ ግን ንቅንቅ አላለም። ያስቆመው የኢንቮይሱ ሰባተኛ መስመር ነው፤ «ከፊል አውቶማቲክ ራይፍል፣ ካሊበር 5.5፣ 2 ፍሬ» ይላል።

ትራንዚተሩ ወረቀቱን አገላብጦ ካየ በኋላ ለባለቤቱ ደወለና፣ «ጋሼ፣ ይቺን ‹ከፊል አውቶማቲክ› የምትል ቃል ማን ነው የጻፋት?» አለው። የጻፋት ሻጩ ነው። ለሻጩ የገበያ ቃል ናት፤ በየተኩሱ ማቀባበል የማያስፈልገው ምቹ ዕቃ ነው ማለቱ ነው። ሞጆ ላይ ሰነዱን ለሚያነበው የጉምሩክ ፈታሽ ግን የጦር ሜዳ ቃል ናት። ፈታሹ የሚያውቀው ከፊል አውቶማቲክ በባሩድ የሚተኩሰውን ስለሆነ አይፈረድበትም። ዕቃው በምን ኃይል እንደሚተኩስ በሰነዱ ውስጥ አንድም ቦታ አልተገለጸም ነበር።

በሣጥኑ ውስጥ የነበረው

ጠመንጃዎቹ ስድስት ናቸው፤ ዓይነታቸው ግን ሁለት ነው። አራቱ ለ10 ሜትር ኢላማ የተሠሩ ነጠላ ተኳሾች ናቸው። ካሊበራቸው ማለትም የበርሜላቸው ቀዳዳ ስፋት 4.5 ሚሊ ሜትር ነው፤ በታመቀ አየር ይሠራሉ፤ ካዝና ማለትም ብዙ ፍሬ የሚደረደርበት ክፍል የላቸውም። ተኳሹ መዝጊያውን ከፍቶ አንዲት የእርሳስ ፍሬ በጣቱ ያጎርሳል፣ ይዘጋል፣ ይተኩሳል፤ ለቀጣዩም ያንኑ ይደግማል። ሁለቱ ደግሞ 5.5 ሚሊ ሜትር፣ ባለ ካዝና፣ ምላጭ በተሳበ ቁጥር አንድ እየተኮሱ ቀጣዩን ራሳቸው የሚያጎርሱ ናቸው። አብረዋቸው በቆርቆሮ የታሸጉ የእርሳስ ፍሬዎች፣ አራት አጉሊ ማነጣጠሪያዎች፣ አንድ የእጅ ፓምፕና ሁለት ትርፍ የአየር ጋኖች መጥተዋል።

ሁለቱ ከፊል አውቶማቲኮች አፈሙዛቸው ላይ ድምፅ መቀነሻ ከፋብሪካ ተገጥሞላቸዋል። ይህ ዕቃ በኢንቮይሱም ሆነ በፓኪንግ ሊስቱ ላይ አልተጻፈም። በታመቀ አየር የሚሠሩ ብዙ ጠመንጃዎች እንዲህ ተገጥሞላቸው ስለሚመጡ ገዢው እንደ በርሜሉ አካል አይቶታል። ፈታሽ ሣጥኑን ከፍቶ ወረቀት ላይ የሌለ ድምፅ ማፈኛ ሲያገኝ ግን ነገሩ የትርጉም ጥያቄ መሆኑ ቀርቶ የመተማመን ጥያቄ ሆነ። ከቃሉ ይልቅ ይህ ዝምታ ነው ጉዳዩን ያከበደው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

የጠመንጃ ጉልበት በጁል ይለካል፤ ስሌቱን ማንም በእጅ ስልኩ ሊሠራው ይችላል። ፍጥነቱን በሜትር በሰከንድ ወስዶ በራሱ ማባዛት፣ የተገኘውን በፍሬው ክብደት በግራም ማባዛት፣ ከዚያ ለ2,000 ማካፈል ነው። 0.53 ግራም የምትመዝን ፍሬ በ165 ሜትር በሰከንድ ስትወጣ 7.2 ጁል ይሆናል፤ የአራቱ ነጠላ ተኳሾች ልክ ይህ ነው። 1.03 ግራም የምትመዝን የ5.5 ፍሬ በ270 ሜትር በሰከንድ ስትወጣ 37.5 ጁል ይደርሳል፤ ይህ የሁለቱ ነው። ለንጽጽር፣ ትንሿ የባሩድ ጥይት ሃያ ሁለቷ ወደ 140 ጁል፣ የክላሽ ጥይት ደግሞ ከ2,000 ጁል በላይ አላት። እንግዲህ የኢንቮይሱ ሰባተኛ መስመር 37 ጁሉንና 2,000 ጁሉን በአንድ ስም ጠርቷቸዋል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ሳይባል መታለፍ የለበትም። 37 ጁል መጫወቻ አይደለም። በቅርብ ርቀት ሰው ይገድላል፤ 7 ጁሉም ቢሆን ዓይን ያጠፋል። የአየር ጠመንጃን «የልጅ ዕቃ» እያሉ ሕግ አያስፈልገውም የሚሉ ተኳሾች ስፖርቱን ይጎዱታል እንጂ አይጠቅሙትም።

ሕጉ የሚሰነጠቅበት ቦታ

የመሣሪያ ጉዳይ በአገራችን የፌዴራል ጉዳይ ነው። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 51 ንዑስ አንቀጽ 21 መሣሪያ ስለመያዝና ስለመታጠቅ ሕግ የማውጣትን ሥልጣን ለፌዴራል መንግሥት ሰጥቷል። በሥራ ላይ ያለው የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 ሲሆን ተቆጣጣሪው ተቋም የፌዴራል ፖሊስ ነው። ስለዚህ የከተማም ሆነ የክልል ቢሮ «ይህ ዕቃ የጦር መሣሪያ ነው» ወይም «አይደለም» ብሎ የመጨረሻ ቃል ሊሰጥ አይችልም። የአዳማው ነጋዴ ይህን ያወቀው ዘግይቶ ነው።

ከአዋጁ ጀርባ ኢትዮጵያ ከአካባቢው አገሮች ጋር በሚያዝያ 2004 እ.ኤ.አ. የፈረመችው የናይሮቢ ፕሮቶኮል አለ። ፕሮቶኮሉ የአነስተኛና ቀላል መሣሪያዎችን ዝውውር ለመግታት የተደረገ ስምምነት ሲሆን በሥራ ላይ የዋለው በግንቦት 2006 እ.ኤ.አ. ነው። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 9 ንዑስ አንቀጽ 4 ኢትዮጵያ ያጸደቀቻቸው ዓለም አቀፍ ስምምነቶች የአገሪቱ ሕግ አካል ናቸው ስለሚል፣ እንዲህ ያለው ሰነድ የሩቅ ወረቀት ተብሎ አይታለፍም።

ስንጥቁ ያለው በዚህ ፕሮቶኮል ትርጓሜ ውስጥ ነው። አነስተኛ መሣሪያ ምን እንደሆነ ሲዘረዝር መጀመሪያ ቀላል መትረየስን፣ ንዑስ መትረየስን፣ ሙሉ አውቶማቲክ ጠመንጃንና ከፊል አውቶማቲክ ጠመንጃን በስማቸው ይጠራል። ቀጥሎ ለብቻው፣ በርሜል ያለውና በፈንጂ ኃይል ጥይት የሚያስወነጭፍ ወይም በቀላሉ ወደዚያ ሊለወጥ የሚችል ተንቀሳቃሽ መሣሪያን ሁሉ ይጨምራል። «በፈንጂ ኃይል» የሚለው መለያ ያለው በሁለተኛው ክፍል ነው፤ በመጀመሪያው ዝርዝር ውስጥ የለም። በሌላ አንቀጹ ደግሞ አባል አገሮች ሲቪሎች አውቶማቲክና ከፊል አውቶማቲክ ጠመንጃ እንዳይዙ ሙሉ በሙሉ እንዲከለክሉ ይጠይቃል።

ከዚህ ሁለት ንባብ ይወጣል። ዝርዝሩን ብቻ የያዘ አንባቢ «ከፊል አውቶማቲክ ጠመንጃ ተብሎ በስሙ ተጠርቷል፤ በአየር ይተኩስ በባሩድ አልተለየም፤ ስለዚህ ክልክል ነው» ይላል። ሰነዱን በሙሉ ዓላማው የሚያነበው ደግሞ «ይህ ሰነድ የተጻፈው በባሩድ ለሚተኩስ መሣሪያ ነው፤ ዝርዝሩም የሚናገረው ስለዚያው ነው፤ የአየር ጠመንጃ ውስጡ የለም» ይላል። በእኛ እምነት ሁለተኛው ንባብ ይበልጣል። መትረየስ፣ ንዑስ መትረየስና የጥቃት ጠመንጃ ተደርድረው በመሃላቸው የገባ ቃል ከጎረቤቶቹ ነጥሎ ሊነበብ አይገባም። ነገር ግን የመጀመሪያው ንባብ የሞኝ ንባብ አይደለም፤ ኃላፊነት ያለበት ሹም ሲጠራጠር የሚጠጋው ወደዚያ ነው።

ተኳሾች በዚህ ክርክር ውስጥ የወንጀል ሕጉን አንቀጽ 2 ይመዛሉ። እውነት ነው፤ በ1996 የወጣው የወንጀል ሕግ በግልጽ ያልተደነገገን ድርጊት በማመሳሰል ወንጀል ማድረግን ይከለክላል። ግን የዚያው አንቀጽ ቀጣይ ክፍል ፍርድ ቤት የሚያጠራጥርን ሕግ በሕግ አውጪው ሐሳብ መሠረት እንዲተረጉም ይፈቅዳል። ማመሳሰልና መተርጎም በመጽሐፍ ላይ የተለያዩ ናቸው፤ በችሎት ግን ድንበራቸው ቀጭን ነው። አንቀጽ 81 ደግሞ ሕጉን አላወቅሁም ወይም ተሳስቼ ተረድቼዋለሁ ማለት ከኃላፊነት እንደማያድን ይደነግጋል። ስለዚህ «ሕጉ ዝም ብሏል፣ እኔም ላስገባው» የሚለው ስሌት የሚያስቀምጠው ሰውን ሳይጠየቅ በሚቀርበት ቦታ ሳይሆን ተከራክሮ ሊረታም ላይረታም በሚችልበት ቦታ ነው። በመሃሉ ዕቃው መጋዘን ይቀመጣል፤ ኪራዩም ይቆጥራል።

የታሪፍ መጽሐፉ ምን ይላል

በጉምሩክ በኩል ነገሩ ከሚታሰበው በላይ ግልጽ ነው። ዓለም አቀፉ የታሪፍ ምደባ ምዕራፍ 93ን ለመሣሪያና ለጥይት ሰጥቷል። በውስጡ ቁጥር 93.03 በባሩድ የሚተኩሱ የስፖርትና የአደን ጠመንጃዎችን ይይዛል፤ ቁጥር 93.04 ደግሞ በስፕሪንግ፣ በአየር ወይም በጋዝ የሚሠሩ ጠመንጃዎችንና ሽጉጦችን። የአየር ጠመንጃ ነጠላ ይሁን ከፊል አውቶማቲክ ቦታው 93.04 ነው፤ ምደባው የሚጠይቀው በምን ኃይል እንደሚተኩስ እንጂ እንዴት እንደሚጎርስ አይደለም።

የምዕራፉ ርእስ «መሣሪያ» ስለሚል ብቻ ዕቃው የጦር መሣሪያ ሆነ ማለትም አይቻልም። የምደባው የመጀመሪያ አጠቃላይ ደንብ ራሱ የክፍልና የምዕራፍ ርእሶች ለማመልከቻ ብቻ እንደሆኑ፣ ውሳኔው የሚሰጠው በታሪፍ ቁጥሩ ቃልና በክፍሉ ወይም በምዕራፉ ማስታወሻ እንደሆነ ይናገራል። የአዳማው ትራንዚተር ይህችን ደንብ ጠቅሶ መጻፉ ጉዳዩን ከጠቀሙት ጥቂት ነገሮች አንዱ ነበር።

የተቀሩት ዕቃዎች እንዲህ ይከፋፈላሉ። የእርሳስ ፍሬው 9306.29 ነው። ይህ ቁጥር ከአደን ጠመንጃ ጥይት ጎን ስለሚገኝ ብዙ ሰው ይደነግጣል፤ ነገር ግን የአየር ጠመንጃ ፍሬ እዚያ በስሙ ተጠርቷል። አጉሊ ማነጣጠሪያ ለብቻው ሲመጣ 9013.10 ነው፤ ከሚገጠምበት መሣሪያ ጋር አንድ ላይ ሲቀርብ ግን ከመሣሪያው ጋር ይሄዳል። የእጅ ፓምፑ 8414.20 ነው። ድምፅ መቀነሻ ተነጥሎ ሲመጣ የመሣሪያ ተቀጥላ ስለሆነ 93.05 ውስጥ ይወድቃል። የአየር ጋን ከብረት ከሆነ 73.11፣ ከአልሙኒየም ከሆነ 76.13 ነው፤ ባዶ መሆኑም መጻፍ አለበት።

አንዳንድ አስመጪ ወደ 95.03 ማለትም ወደ መጫወቻ፣ ወይም ወደ 95.06 ማለትም ወደ ስፖርት ዕቃ ሊያጠጋው ይፈተናል። ይህ በዲክላራሲዮን ላይ ሐሰት መጻፍ ነው። ዕቃው ቢያዝ ከዚያ በኋላ የሚቀርብ የትኛውም የሕግ ትርጉም ክርክር ሰሚ አያገኝም።

በእርግጥ ከፊል አውቶማቲክ ነው?

ሻጮች «ከፊል አውቶማቲክ» ብለው የሚሸጡት የአየር ጠመንጃ ሁሉ በአሠራሩ አንድ አይደለም። በአንደኛው ዓይነት ከጋኑ የሚወጣው አየር የተወሰነው ፍሬውን ሲገፋ፣ የተወሰነው መዝጊያውን ወደ ኋላ መልሶ መዶሻውን ያቀባብላል፤ ካዝናውም ቀጣዩን ፍሬ ያቀርባል። ይህ እውነተኛው ራሱን የሚያጎርስ ነው። ሁለተኛው ዓይነት በተለይ 12 ግራም የታመቀ ጋዝ የያዘች ትንሽ ቀፎ በሚወስዱ ሽጉጦች ይታያል፤ ከበሮውን የሚያዞረውም መዶሻውን የሚያነሳውም የተኳሹ ጣት ነው፣ ጋዙ ፍሬውን ብቻ ይገፋል። ይህ በአሠራሩ ባለ ከበሮ ሽጉጥ ነው፤ ከፊል አውቶማቲክ የተባለው ፈጣን ስለሚመስል ብቻ ነው። ሦስተኛው በባትሪ የሚንቀሳቀስ ቫልቭ ያለው ነው።

የመጀመሪያዎቹን ሁለቱን መለየት አንድ ደቂቃ አይፈጅም። ካዝናው ወጥቶ፣ በርሜሉ ባዶ መሆኑ ተረጋግጦ፣ አየሩ በሙሉ ተነፍሶ፣ አፈሙዙ ወደ አስተማማኝ አቅጣጫ ዞሮ ምላጩ ይሳባል። ሁለተኛ ሲሳብ መዶሻው እንደገና ከተነሳና ከመታ ሥራው የጣት ነው። ሁለተኛው ስበት ባዶ ከሆነና በእጅ ካላቀባበሉት የማይነሳ ከሆነ ራሱን የሚያጎርስ ነው። ይህን መደጋገም አይገባም፤ ያለ አየር የሚመታ መዶሻ የቫልቩን መቀመጫ ይጎዳል።

የአዳማዎቹ ሁለት ጠመንጃዎች ሲፈተኑ የመጀመሪያው ዓይነት ሆነው ተገኙ። ያ ማለት ስሙ ትክክል ነበር፤ በአሠራር በኩል ማምለጫ አልነበረም።

በዚህ ዓይነት ላይ አንድ የሚያሰጋ ብልሽት አለ፤ ከሕጉም ጋር ይገናኛል። የአየሩ ግፊት ሲያንስ መዝጊያው ሙሉ መንገዱን አይመለስም፤ መዶሻውም መያዣው ላይ ሳይቀመጥ ተከትሎ ሊወርድ ይችላል። መያዣው ያረጀ ወይም ባልሠለጠነ እጅ የተነካካ ከሆነ ደግሞ አንድ ስበት ሁለት ሦስት ተኩስ ሊያወጣ ይችላል። አንድ ጊዜ ተስቦ ደጋግሞ የሚተኩስ ዕቃ በማንኛውም ንባብ ሙሉ አውቶማቲክ ነው የሚባለው፤ ባለቤቱ አላሰብኩትም ቢል አይሰማም። ምላጭን ለማለስለስ ብሎ ሞረድ የሚያነሳ ሰው ይህን አስቀድሞ ቢያስብ ይሻላል።

ሦስቱ ደብዳቤዎች

የመጀመሪያው ደብዳቤ የተጻፈው አዳማ ውስጥ ላለ አንድ ቢሮ ነው፤ ሳምንታት ቆይቶ «ጉዳዩ እኛን አይመለከትም» የሚል ምላሽ መጣ። ምላሹ ትክክል ነበር። ጊዜው ግን አልተመለሰም።

ሁለተኛው ወደ ፌዴራል ተቆጣጣሪው ሄደ። ሁለት ገጽ ሆኖ ስለ ወጣቶች፣ ስለ ሱስ፣ ስለ ኦሎምፒክና ስለ አገር ገጽታ ያወራል፤ ስለ ዕቃው የሚያወራው አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ነው፤ እሱም «የስፖርት ጠመንጃ እንጂ የጦር መሣሪያ ስላልሆነ ይለቀቅልን» ይላል። ይህ ደብዳቤ የሚጠይቀውን ራሱ የደመደመ ነው። ሹሙ ሊያጣራው የሚችል ቁጥር፣ ሊያያይዘው የሚችል ሰነድ፣ ሊፈርምበት የሚችል የተወሰነ ጥያቄ አላገኘም። ዝርዝር እንዲቀርብ ተብሎ ተመለሰ።

ሦስተኛው ነው ሥራ የሠራው። አንድ ገጽ ጥያቄና ሦስት ገጽ አባሪ ነበረው። ትልቁ ለውጥ ስድስቱን ጠመንጃ በአንድ ማመልከቻ ሳይጨፈልቅ አራቱንና ሁለቱን በሁለት ጥያቄ መክፈሉ ነው። በአባሪው ለእያንዳንዱ ጠመንጃ የሞዴሉ ስምና መለያ ቁጥር፣ ካሊበሩ፣ የሚያስወነጭፈው ኃይል (የታመቀ አየር፣ ከፍተኛ ግፊቱ 200 ባር፣ ባሩድ የሌለው)፣ የፍሬው ክብደትና ፍጥነት ከጁል ስሌቱ ጋር፣ የአጎራረሱ መንገድ፣ የካዝናው መጠን ተጽፏል። ድምፅ መቀነሻው በራሱ መስመር በግልጽ ሰፍሯል፤ ካስፈለገ ተነጥሎ እንዲቀርም ፈቃደኝነት ተገልጿል። ፋብሪካው በርሜሉና መዝጊያው ለባሩድ ጥይት እንዳልተሠሩ የጻፈው ማረጋገጫ ተያይዟል፤ ፕሮቶኮሉ «በቀላሉ ሊለወጥ የሚችል» የሚለውን ስለሚጠይቅ ይህ ወረቀት ከሁሉም ይበልጥ ያስፈልግ ነበር። መጨረሻ ላይ ዕቃው የሚቀመጥበት ክፍል፣ የብረት ሣጥኑ፣ ቁልፉ በማን እጅ እንደሚሆንና የአጠቃቀም መዝገቡ ምን እንደሚመስል ሰፍሯል።

ጥያቄው ራሱ የተወሰነ ነበር፤ ይህ ዕቃ በአዋጅ ቁጥር 1177/2012 ትርጓሜ ውስጥ ይወድቃል ወይስ አይወድቅም፤ የሚወድቅ ከሆነ በየትኛው ድንጋጌና በምን ሁኔታ ይፈቀዳል። «ይለቀቅልን» የሚል ቃል አልነበረበትም። ሹም ለእንዲህ ያለ ጥያቄ ነው በጽሑፍ ሊመልስ የሚችለው።

ስፖርቱ በእርግጥ ይፈልጋቸዋል?

በሦስተኛው ደብዳቤ ዝግጅት ላይ አንድ የማያስደስት ነገር ወጣ። የዓለም አቀፉ የተኩስ ስፖርት ፌዴሬሽን የ10 ሜትር የአየር ጠመንጃ ደንብ ሲነበብ፣ ሁለቱ ጠመንጃዎች በውድድሩ ቦታ እንደሌላቸው ታወቀ። ካሊበሩ 4.5 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው። በአንድ ጊዜ የሚጎርሰው አንድ ፍሬ ብቻ ነው። አጉሊ ማነጣጠሪያ አይፈቀድም፤ በቀዳዳ የሚታይ ማነጣጠሪያ ነው የሚሠራበት። ክብደቱ ከ5.5 ኪሎ ግራም አይበልጥም። የውድድሩ ፍሬ ነገር 60 ተኩስ በእርጋታ መተኮስ ነው፤ የኢላማው አሥር ቁጥር ግማሽ ሚሊ ሜትር የምትሆን ነጥብ ናት። ፍጥነት እዚያ ምንም አይሠራም። ነጋዴው አራቱንም አጉሊ መነጽሮች ለአራቱ ነጠላ ተኳሾች አስቦ ነበር የገዛቸው፤ መነጽሮቹም ለውድድር የማይሆኑ ሆኑ።

ይህ ማለት ከፊል አውቶማቲክ የአየር ጠመንጃ ዋጋ የለውም ማለት አይደለም። ለሚወድቁ ብረት ኢላማዎች፣ ለመዝናኛ ተኩስ፣ አንድ እጁ ብቻ ለሚሠራ ተኳሽ እውነተኛ ጥቅም አለው። ነገር ግን በማመልከቻ ላይ «ለኦሎምፒክ ስፖርት» ብሎ ጽፎ የኦሎምፒክ ደንብ የማይቀበለውን ዕቃ ማቅረብ፣ ደንቡን የሚያውቅ ሹም ሲያነበው ማመልከቻውን በሙሉ ያስጠረጥራል።

ሌሎች አገሮች መስመሩን የሚያሰምሩት በአብዛኛው በጁል ነው። ጀርመን ውስጥ ጉልበቱ ከ7.5 ጁል የማይበልጥና ይህን የሚያሳይ ምልክት የተቀረጸበት የአየር ጠመንጃ ለአዋቂ ያለ ፈቃድ ይሸጣል። ብሪታንያ ውስጥ ለረጅሙ ጠመንጃ መስመሩ 16.27 ጁል ነው። ካናዳ ፍጥነትንና ጉልበትን አጣምራ 152.4 ሜትር በሰከንድና 5.7 ጁልን ሁለቱንም ያለፈውን እንደ መሣሪያ ትቆጥራለች፤ በዚህ ሚዛን የአዳማዎቹ አራት ነጠላ ተኳሾችም መሣሪያ ናቸው። መስመሩ ጥብቅ ይሁን ላላ ይከራከሩበታል፤ ቢያንስ ግን በመሣሪያ ሊለካ ይችላል። ቃል በፍጥነት መለኪያ አይለካም። አዋጁን የሚያብራራ መመሪያ አንድ ቀን የአየር ጠመንጃን ሲነካ ከሁሉ በፊት የጁል ቁጥር ቢያስቀምጥ፣ ፈታሹም ተኳሹም ከግምት ይወጣሉ።

ዕቃው በእጅ ሲገባ

ለአራቱ ነጠላ ተኳሾች መለያ ቁጥራቸው ተመዝግቦ፣ በተገለጸው ቦታ ብቻ እንዲቀመጡና እንዲሠራባቸው፣ ያለ ፈቃድም ወደ ሌላ እንዳይተላለፉ በጽሑፍ ምላሽ ተሰጠ። ለሁለቱ ግን የትርጉም ጥያቄው እስኪጠራ እንዳይለቀቁ ተባለ። ነጋዴው ጊዜውንና የመጋዘን ኪራዩን አስልቶ ሁለቱን ለሻጩ መልሶ ላከ። በእኛ ሚዛን ትክክለኛ ውሳኔ ነበር፤ ገንዘብ ቢያከስረውም ስሙን በዚህ ሥራ ውስጥ አቆይቶለታል።

ከዚያ በኋላ የመጣው ችግር የሕግ አልነበረም። ጋኖቹ እንደ ደንቡ ባዶ ሆነው ስለመጡ መሞላት ነበረባቸው። የጎማ ቤት ኮምፕረሰር 10 ባር አካባቢ ስለሚያቆም 200 ባር የሚፈልግ ጋን አጠገብ አይደርስም። በሰፈሩ ያለ የብየዳ ባለሙያ «የኦክስጅን ሲሊንደር አለኝ፣ በደቂቃ እሞላዋለሁ» አለ። ይህ ሰው የሚገድል ስህተት ነው። በከፍተኛ ግፊት ያለ ኦክስጅን በጋኑና በቫልቩ ውስጥ ካለ ዘይትና ግሪስ ጋር ሲገናኝ ራሱ ይቀጣጠላል፤ ጠመንጃው በእጅ ላይ ይፈነዳል። የሚሞላው ተራ አየር ብቻ ነው፤ እሱም ደረቅ መሆን አለበት።

የቀረው የእጅ ፓምፑ ነው። 250 ሲሲ የሚይዝ ጋን ከ100 ባር ወደ 200 ባር ለማድረስ በባሕር ጠለል ደረጃ 25 ሊትር ያህል አየር ይበቃል። አዳማ ከባሕር ጠለል ከ1,600 ሜትር በላይ ከፍ ስላለች የአየር ግፊቷ ከዚያ ከስድስት አንድ እጅ ያህል ያንሳል፤ ስለዚህ ለዚያው ሥራ 30 ሊትር ያህል የአዳማ አየር መሳብ ያስፈልጋል። ፓምፑን የሚገፋው ልጅ ከመመሪያው ወረቀት በላይ ሲደክም ፓምፑ ተበላሽቶ አይደለም። ከ50 ግፊት በኋላ አሳርፎ ማቀዝቀዝ፣ የእርጥበት መምጠጫውን ፍሬ ቀለሙ ሲለወጥ መቀየር፣ በየመሃሉ የተጠራቀመውን ውሃ በመተንፈሻው ማስወጣት ይገባል። ሙቀቱ ያልወጣለት ፓምፕ መጀመሪያ የሚያቃጥለው ውስጡ ያለውን የጎማ ቀለበት ነው፤ ያንን ልክ አዳማ ገበያ ላይ ማግኘት ደግሞ ሌላ ፍለጋ ነው።

ለሚቀጥለው ትእዛዝ ነጋዴው ሻጩ ኢንቮይሱን ከማተሙ በፊት ቃሉን ራሱ ጽፎ ላከለት። አሁን ሰባተኛው መስመር እንዲህ ይላል፦ «በታመቀ አየር የሚሠራ የ10 ሜትር የኢላማ ጠመንጃ፣ ካሊበር 4.5 ሚሜ፣ ነጠላ ተኳሽ፣ ካዝና የሌለው፣ ጉልበቱ ከ7.5 ጁል የማይበልጥ፣ ድምፅ መቀነሻ የሌለው፣ የታሪፍ ቁጥር 93.04፣ መለያ ቁጥሮች በአባሪ»። የፈቃድ ጥያቄውም ዕቃው ከመጫኑ በፊት ገብቷል። ስለ ሁለቱ ከፊል አውቶማቲኮች የተጠየቀው ጥያቄ ግን እስካሁን የጽሑፍ መልስ አላገኘም።